ለመባ ያዘጋጀሁትን ገንዘብ ለማላውቃቸው እናት ሰጠሁ፤ አጥፍቼ ይሆን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። በየወሩ በ16 ለኪዳነ ምሕረት ጧፍና ዕጣን ይዤ መሄድ ልማዴ ነው። ባለፈው ወር በዋዜማው ለቤት አስቤዛ፣ እግረ መንገዴንም መባውን ልገዛ ሾላ ገበያ ወጥቼ ነበር። ለእናቴ መድኃኒት ልጠይቅ ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ጎራ ስል፣ አንዲት አረጋዊት ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ብር ፈትተው ባንኮኒው ላይ ሲቆጥሩ አየሁ። ገንዘቡ አልሞላላቸውም። ባለሙያዋ ካወጣችላቸው ሁለት የደም ግፊት መድኃኒቶች አንዱን ወደ መደርደሪያው ልትመልስ ስትል፣ ሳላስበው ለመባው ለይቼ የያዝሁትን አውጥቼ ከፈልሁ። እርሳቸውም የክርስትና ስሜን ጠይቀው፣ መርቀውኝ ሄዱ። በማግሥቱ ባዶ እጄን ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ግን «የእመቤታችንን ገንዘብ ለሌላ አዋልሁት» የሚል ሐሳብ ያስጨንቀኝ ጀመር። ባለቤቴ ሲጠይቀኝም ሁሉን ነገርሁት፤ በዚህስ ዋጋዬን አጥቼ ይሆን?

መልስ፦ እኅታችን፣ ጭንቀትሽ ለእግዚአብሔር ቤት ካለሽ ክብር የመጣ ስለሆነ አልነቅፈውም። ነገር ግን ገንዘቡ ከእመቤታችን ተወስዶ ለሌላ እንደተሰጠ አድርገሽ ማሰብሽ ትክክል አይደለም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ለተራበው፣ ለታረዘውና ለታመመው የተደረገው ሁሉ ለራሱ እንደተደረገ ነግሮናል፤ ለልጇ የተሰጠውን እመቤታችን ከእኔ ተወሰደ ትላለች ብለን አናስብም።

መባና ምጽዋት የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም፤ የሚያጣላቸው የእኛ አስተሳሰብ ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታ ፈሪሳውያንን ከገሠጸባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ሰው አባትና እናቱን ሊረዳበት የሚገባውን ሀብት «ቁርባን ነው»፣ ማለትም መባ ነው፣ ብሎ እንዲከለክል ማስተማራቸው ነበር። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም፣ ክርስቶስ በድሆች አካል እየተራበ መሠዊያውን በወርቅ ጽዋ ማስጌጥ እንደማይጠቅም አስተምሯል። ይሁን እንጂ መባውን ተዉት አላለም፤ አስቀድማችሁ የተራበውን አጥግቡ፣ ከዚያ በተረፈው መሠዊያውን አስጊጡ ነው ያለው። አንቺም በዚያች ሰዓት ያደረግሽው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው፤ ዕጣኑ እስከሚቀጥለው 16 ሊቆይ ይችላል፣ የደም ግፊት መድኃኒት ግን አይቆይም።

አንድ ነገር ግን ለይተሽ ማወቅ ይገባሻል። ይህ መባ ልማድሽ ነው ወይስ ስእለትሽ? እንደጻፍሽልኝ ልማድ ብቻ ከሆነ፣ አንድ ወር ስላለፈሽ የተቆጠረብሽ ዕዳ የለም። «ይህን ብታደርጊልኝ ይህን አመጣለሁ» ብለሽ የተሳልሽው ከሆነ ግን፣ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 የተሳልነውን ለመክፈል እንዳንዘገይ ታዝዘናልና፣ ለአረጋዊቷ የሰጠሽው ስእለቱን አይተካም። ምጽዋቱ ምጽዋት ሆኖ ይቆጠርልሻል፣ ስእለቱም እንደ ስእለት ይከፈላል። በዚህ ጊዜ ነገሩን ለንስሓ አባትሽ አሳውቀሽ እርሳቸው በሚወስኑልሽ ጊዜ ፈጽሚው።

«ሳላስበው» ያልሽው ቃል ደግሞ ያላሰብሽበት በጎ ሥራ እንዳይቆጠርልሽ እንደምትሰጊ ያስመስላል። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወስደው መንገድ ቆስሎ የወደቀውን ሰው ያነሣው ሳምራዊ ሁለቱን ዲናር ለምን ጉዳይ ይዟቸው እንደነበር ወንጌሉ አይነግረንም፤ ለቆሰለው ሰው ብሎ እንዳልያዛቸው ግን የታወቀ ነው። በተአምረ ማርያም የምንሰማው በላዔ ሰብእም በዚያች ቀን ሊጸድቅ ብሎ አልወጣም። 78 ነፍስ ያጠፋ ሰው፣ በውኃ ጥም የተቃጠለ ለምጻም በእመቤታችን ስም ሲለምነው ልቡ ራርቶ ጥርኝ ውኃ ሰጠው፤ ታሪኩም ኪዳነ ምሕረት በምትከበርበት በየካቲት 16 ይነገራል። አንዳንዶች ይህን ታሪክ ለስንፍና ሲጠቅሱት ስሰማ አዝናለሁ፤ አባቶች የሚነግሩን የምሕረትን ጥልቀት እንድናይበት እንጂ ጥርኝ ውኃ ሰጥተን እንደፈቀድን እንድንኖርበት አይደለም። ለአንቺ ግን የሚያጽናና ነው፤ የምትሳለሚያት ኪዳነ ምሕረት በስሟ ለማይታወቅ መንገደኛ የተሰጠውን ጥርኝ ውኃ የተቀበለች ናትና።

ደግሞም እስቲ ይህን አስቢ፤ በየወሩ ለእግዚአብሔር ቤት ለይቶ የማስቀመጥ ልማድ ባይኖርሽ ኖሮ፣ በዚያ ባንኮኒ ፊት በእጅሽ ምን ይገኝ ነበር? ከአስቤዛው ላይ ቀንሶ መስጠት ለብዙዎቻችን ይከብዳል። አንቺ ግን አስቀድመሽ «ይህ የእኔ አይደለም» ብለሽ የለየሽው ገንዘብ ስለነበረ እጅሽ ሳያመነታ ተዘረጋ። ስለዚህ ያንን ልማድ እንዳታቋርጪ አደራ እልሻለሁ።

ለባለቤትሽ መንገርሽ ዋጋ አያሳጣሽም። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የከለከለው ከሰው ምስጋና ለማግኘት ብሎ በአደባባይ ማስነገርን ነው፤ አንቺ የቤታችሁ ገንዘብ የት እንደዋለ ለጠየቀሽ ባልሽ እውነቱን መለስሽ። ለጎረቤትና ለማኅበርተኛ እየደጋገሙ ማውራት ግን ሌላ ነው፤ ከዚያ ተጠበቂ።

የሚቀርሽ አንድ ነገር አለ። እኒያ እናት የክርስትና ስምሽን የጠየቁት በጸሎታቸው ሊያስቡሽ ነው፤ አንቺ ግን የእርሳቸውን እንደጠየቅሽ አልጻፍሽም። በሚመጣው 16 ጧፉንና ዕጣኑን ይዘሽ ስትሄጂ፣ ባለቤትሽም አብሮሽ ቢመጣ መልካም ነው፣ ቅዳሴው ላይ «በመድኃኒት ቤት ያገኘኋቸውን እናት አስብልኝ» ብለሽ ጸልዪላቸው፤ ስማቸውን እርሱ ያውቀዋል።