ለአሳማኝ ጽሑፍ ሐሳብ ከየት ይመጣል?

ከደሴ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ አብሽሪ። ዘንድሮ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ትመረቂያለሽ፤ ለሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ የሥራ መደብ ልትፈተኚ ነው፤ «አሳማኝ ጽሑፍ ጻፉ» ሲባል ግን ሐሳብ ይጠፋብሻል። ጥያቄሽ ይኸው ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ የጠፋብሽ ሐሳብ ሳይሆን ተከራካሪ ነው። «ትምህርት ጠቃሚ ነው» ብለሽ ብትጀምሪ «አይደለም» የሚልሽ ስለሌለ ሁለተኛው መስመር ላይ መቆምሽ አይቀርም። ስለዚህ ርእስ ከመምረጥሽ በፊት ሰው የማይስማማበትን ነገር ፈልጊ። ሰኞ ገበያ ውረጂ፤ ሐረጎን ቁልቁል በሚወርደው የኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ ጆሮሽን ጣል አድርጊ። የሰማሽውን ሳታሳምሪ በተናጋሪው ቃል ማስታወሻሽ ላይ አስፍሪ።

አንድ ጉዳይ አብረን እንይ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ተመረቀ። ዲግሪ ያላት ልጅ እዚያ ስፌት ላይ ትቀመጥ ወይስ የተማረችበትን ሥራ ትጠብቅ? እናት «ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ ለስፌት ነው?» ይላሉ። ልጅቷ «ቤት ከመዋል ይሻላል» ትላለች። ከፈረቃ የምትወጣዋ ሠራተኛ ደግሞ ከደመወዟ ላይ የቤት ኪራይ ሲነሳ የሚተርፋትን ታውቃለች። ሦስቱንም ጠይቂ።

ከዚያ አቋምሽን አጥብበሽ ያዢ። «ወጣቶች ሥራ አይናቁ» ማለት ሰፊ ነው። «ተመራቂዎች ይግቡ፤ ፋብሪካው ግን ሱፐርቫይዘር የሚሆኑበትን መንገድ ሲቀጥራቸው በጽሑፍ ያሳውቅ» ብትዪ ግን የምትከራከሪለት ነገር አገኘሽ። ማስረጃም ከዚያው ይመጣል። ለምሳሌ ስለ ሥራ ሰዓት የሚሰጋ ካለ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል።

ከሁሉ በላይ አደራ የምልሽ የእናትየዋን ቃል እንዳታኮስሺ ነው። አርስቶትል ማሳመኛን በሦስት ከፍሎት ነበር፦ የተናጋሪው ታማኝነት፣ የአድማጩ ስሜትና የነገሩ ማስረጃ። እኒህ እናት የከበዳቸው ገንዘቡ ሳይሆን ክብሩ ነው፤ ጎረቤት «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ሲላቸው የሚመልሱት። የደመወዝ ቁጥር ብትደረድሪላቸው ላልጠየቁሽ መለስሽ ማለት ነው። የእኛ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ አበጋሮችም፣ ጠብ ሲያበርዱ የሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ አይፈርዱም። የእናትየዋን ሐሳብ ራሳቸው ቢያነቡት «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» እስኪሉ ድረስ አሟልተሽ ጻፊው። መልሱን ከዚያ በኋላ ስትፈልጊ ምን መጻፍ እንዳለብሽ ራሱ ይመጣልሻል። መነሳሳት ብለሽ የምትጠብቂውም አብሮ ይመጣል፤ ቁጭ ብሎ ሲጠብቁት መጥቶ አላየሁም።

ፈተናው ላይ ወረቀቱ እንደተሰጠሽ ወደ መጻፍ አትሩጪ። ረቂቅ ወረቀትሽ ላይ «ይህን የማይቀበለው ማን ነው? ለምን?» ብለሽ መልሺ። የመጀመሪያው አንቀጽሽ ከዚያ ይወጣል።

እስከዚያው በየሳምንቱ አንድ ገጽ ጻፊና ሐሳብሽን ለማይደግፍ ሰው አስነብቢ። ጓደኞችሽ «ጎበዝ» ብቻ ካሉሽ ለእኔ ላኪልኝ። በፓርኩ ጉዳይ እኔ ከእናትየዋ ጋር ነኝ፤ እስቲ አሳምኚኝ።