ላዩ ጠቁሮ መሃሉ ለሚሰምጥ የሙዝ ዳቦ፣ መጀመሪያ ቤኪንግ ፓውደርሽን ፈትኚ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የሙዝ ዳቦሽ ላዩ ከቡናማ አልፎ ይጠቁራል፣ መሃሉ ይሰምጣል፣ ሲበላ ደግሞ ሳሙና ሳሙና ይላል። «ኦቨኔን ልቀይር ወይ?» ብለሻል። ኦቨንሽን ተይው! «እጅሽ ገና አልለመደም» ያሉሽንም አትስሚ። ሳሙና ሳሙና የሚል ዳቦ የእጅ ጉዳይ አይደለም። እኔ በዚህ ነገር ብሬን አስበልቼ የተማርኩ ነኝና ከኔ ስሚ።

አዲስ አበባ ነሽ ብዬ ልነሳ። ቤኪንግ ፓውደሩንም በላስቲክ ተቋጥሮ ከሚሸጥበት ነው የገዛሽው። ልክ ነኝ አይደል?

1. ቤኪንግ ፓውደሩን ፈትኚ። አንድ የሻይ ማንኪያ ወስደሽ ግማሽ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምሪ። እውነተኛ ቤኪንግ ፓውደር ከሆነ ወዲያው አረፋ እያወጣ ይፍለቀለቃል። እዚህ ግባ የሚባል ነገር ካላሳየ፣ ሌላ ማንኪያ ወስደሽ አቼቶ ወይም ሎሚ ጠብ አድርጊበት። አሁን ከገነፈለ የያዝሽው ቤኪንግ ሶዳ ነው፤ ቤኪንግ ፓውደር አሲዱን አብሮ ይዟል፣ ሶዳ ግን አሲድ ካላገኘ በደንብ አይነሣም። በሁለቱም ዝም ካለ ጊዜው አልፎበታል፣ ድፊው።

ሶዳ ከቤኪንግ ፓውደር ሦስት አራት እጥፍ ኃይለኛ ነው። አሠራሩ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሲልሽ አንቺ ሁለት ማንኪያ ሶዳ ትሞጅሪያለሽ። ሙዙ ውስጥ ያለው ትንሽ አሲድ ያን ሁሉ አይችለውም። የተረፈው ሶዳ ነው ሳሙና ሳሙና የሚለው። ላዩን ቶሎ የሚያጠቁረውም እሱ ነው።

እኔ እንዴት እንዳወቅኩት ልንገርሽ። ሰፈራችን ካለ አንድ ካፌ ጋር በየሳምንቱ የሙዝ ዳቦ እንዳቀርብለት ተስማማን። ድሮ የምጠቀመው ታሽጎ የሚመጣውን ትንሹን ቆርቆሮ ነበር። ትዕዛዙ ሲጨምር በኪሎ ይሻላል ብዬ መርካቶ ወረድኩ። የኬክ ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ «ኦሪጅናል ነው፣ ትላልቅ ኬክ ቤቶች ሁሉ ከኛ ነው የሚወስዱት» አለኝ። ላስቲኩ ላይ ስም የለ፣ ቀን የለ። ደረሰኝ ስለው «ለዚች ደሞ?» ብሎ ሳቀ።

ያቀረብኩት በሙሉ ተመለሰ። የካፌው ባለቤት ጨዋ ሰው ነው፣ ግን ደንበኛው «ኦሞ ነው ወይ ያስገባችሁበት?» ማለቱን አልደበቀኝም። እርር ድብን አልኩ። ዳቦውንም ላስቲኩንም ይዤ መርካቶ ተመለስኩ። ሰውዬው ዓይኑን ከስልኩ አላነሣም። ስናገር ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በመጨረሻ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እመቤት፣ መጋገር ካልቻልሽ ኮርስ ግቢ።»

እኔም ጎኑ ካለችው ሻይ ሻጭ የፈላ ውሃና ቁራጭ ሎሚ ለምኜ እዚያው ባንኮኒው ላይ ፈተንኩለት። ውሃው ውስጥ ጭጭ። ሎሚ ሳደርግበት ገንፍሎ ደብተሩ ላይ ፈሰሰ። ተሸካሚዎቹ ሥራቸውን ትተው ቆመው ያያሉ። «ሶዳም ያው ቤኪንግ ነው፣ ምን ለየው?» አለኝ እኮ! ብሬን አልመለሰልኝም። ግን ያ ካፌ ዛሬም የሚሸጠው የኔን ነው። ኮርስ ሳልገባ።

2. ከፍታው። ይሄን ማንም አይነግርሽም። እህቴ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። የምትጋግርበትን አሠራር ላከችልኝ። እዚያ አምሮ የሚነሣው እዚህ እንደ ጀበና ማቶት መሃሉ ጎድጉዶ ይወጣል። አሠራሮቹ የሚጻፉት ዝቅ ላለ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ውሃ እንኳ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ቶሎ ይለጠጣል። ዳቦው ሳይበስል ያብጥና መያዣ አጥቶ ይወድቃል። ስለዚህ አሠራሩ ከሚለው ላይ ሶዳውን ወይም ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ያህል ቀንሺ፣ ስኳሩንም ቀነስ፣ እርጥቡን ጨመር፣ ኦቨኑን ሞቅ።

ለዚሁ ከፍታ ያስተካከልኩትን የኔን ልስጥሽ፣ ከዚህ በፊት ለማንም አልሰጠሁም። 3 ትላልቅ ሙዝ፣ 2 ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የአንድ ኩባያ ሁለት ሦስተኛ ስኳር፣ 2 እንቁላል፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ ሩብ ኩባያ እርጎ። ኩባያ የምልሽ ባለ 240 ሚሊ ሊትሩን መለኪያ እንጂ የቤት የሻይ ብርጭቆ አይደለም። ቁንጥር የተወቀጠ ኮረሪማ ጣል ካደረግሽበት ሰው ምስጢሩን ሲጠይቅሽ ትውያለሽ። ኦቨኑ 185 ዲግሪ፣ ከ50 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት። ላዩ ከቀደመ ፎይል አልብሺው። መሃሉን በስንጥር ወጋ አድርጊና ሊጥ ካልያዘ አውጪው።

ቤኪንግ ፓውደር እንደሌለበት አየሽ? ሙዙና እርጎው ለሶዳው የሚሆን አሲድ አላቸው። ስለዚህ ላስቲኩ ውስጥ ያለው ሶዳ ሆኖ ከተገኘ አትጣይው፣ መጠኑን ብቻ አስተካክይ።

3 ብዬ ስለ ሙዙ ልጽፍልሽ ነበር፣ ግን እሱም ወሬ አለው። የሙዝ ጋሪ የሚገፋው ልጅ ጋ ሄጄ የጠቆረውን ስጠይቀው «ለበግ ነው?» ይለኝ ነበር። አሁን ራሱ ለይቶ ያስቀምጥልኛል፣ ዋጋውም ከቢጫው በጣም ያንሳል። ልጣጩ ቢጫ ሆኖ ውስጡ ገና የሚጠነክረውን አትንኪ። ሙዝ ሲበስል ነው ስታርቹ ወደ ስኳር የሚለወጠው፣ ስኳር ቀንሺ ያልኩሽም በዚህ ተማምኜ ነው። የገዛሽው ካልበሰለ ከበሰለ ሙዝ ጋር ወረቀት ከረጢት ውስጥ አስገብተሽ ጠብቂ። ኦቨን ውስጥ አጥቁረሽ ማለስለስ ይቻላል የሚሉ አሉ። መለስለሱ ይለሰልሳል፣ ጣፋጭነቱ ግን አይመጣም።

ስታዋህጂው እንደ ዳቦ ሊጥ አታሺ። ዱቄቱ እንደጠፋ አቁሚ። ብዙ ባማሰልሽው ቁጥር ላስቲክ ይሆናል። ኦቨኑ ሳይግል ደግሞ ደረቁንና እርጥቡን አታገናኚ፣ ሶዳው እርጥብ እንደነካው ሥራውን ይጀምራልና። እኔ መብራት ያመነታ ቀን ሁለቱን በየሳህናቸው ለያይቼ ነው የምጠብቀው። ከተዋሃደ በኋላ መብራት ከሄደ ሊጡ ለነገ አይሆንም።

ለጾም ይሆናል ወይ ያልሽው፣ እንዴታ! እንቁላሉንና እርጎውን ታወጪያለሽ። በአንድ እንቁላል ፈንታ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ በጥብጠሽ እስኪወፍር ትተይዋለሽ። በእርጎው ቦታ ውሃ፣ ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ። አቼቶውን አትርሺ፣ አለዚያ ሶዳው የሚሠራበት አሲድ ያንሰዋል። ካፌው በጾም ከፍስኩ ይልቅ ይሄንን ነው አብዝቶ የሚያዘኝ።

ሽያጭም አስቤያለሁ ብለሻል። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አትቁረጪ፣ አታሽጊም። ሲሞቅ ከታሸገ ላብ ያወጣል፣ ቶሎም ይሻግታል። ከካፌው ጋር ስትነጋገሪ ያልተሸጠው በማን እንደሚቆጠር አስቀድመሽ ተስማሚ።

ፈተናውን ዛሬውኑ ሥሪና ምን እንዳሳየሽ ከሥር ጻፊልኝ። ሶዳ ከሆነ የገዛሽበትን ሱቅ በውስጥ መስመር ንገሪኝ፣ ያው የኔው ሰውዬ ሳይሆን አይቀርም።