የሐር ትልና የአዲስ አበባ ብርድ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የብርድና የዝናብ ናቸው። የጎመኗን ጥያቄ ግን አስቀድመን እንገላገላት።

የእንጆሪ (የመልበሪ ዛፍ) ቅጠል ሲያልቅብኝ ለሐር ትሌ ጎመን ብሰጠውስ? (ካዛንቺስ)

አይሆንም። ኤሪ የሚባለው ሌላው የሐር ትል፣ ጉሎ የሚበላው፣ ካሳቫም ይበላል፤ እንጆሪ የሚበላው ግን በጎመን አይደለልም።

ፒያሳ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚያረቡ አንባቢ ኅዳር ላይ ያስፈለፈሏቸው ትሎች ወር አልፏቸው ኮኩን (ሐሩ የሚገኝበትን የክር ቤት) አልሠሩም። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ሆኗል። «የሸጡልኝ ዘር (እንቁላሉ) መጥፎ ይሆን?» ይላሉ።

ዘሩን ከመውቀስዎ በፊት ቴርሞሜትር ይግዙ። እንጆሪ የሚበላው ትል 25 ዲግሪ አካባቢ ከተያዘ ከ24 እስከ 28 ቀን በልቶ ይጨርሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን አዲስ አበባ ቀን ከ20 ዲግሪ በላይ ትሞቅና ሌሊት ከ10 በታች ትወርዳለች። ቆርቆሮው ያባብሰዋል፤ ቀን ይግላል፣ ማታ ሙቀቱን ወዲያው ይለቀዋል። ትሉ የራሱ ሙቀት ስለሌለው ሲበርደው ምግብ ይቀንሳል፣ ቆዳ ለመቀየር የሚተኛበት ጊዜም ይረዝማል። ትሪው ዳርና መሐል እኩል ስለማይሞቁ አንዱ ተኝቶ ሌላው ይበላል። እርስዎ ቅጠል ሲደርቡ የተኛው ከሥር ይቀበራል። የወፍራምና የቀጭኑ ምሥጢር ይኸው ነው።

ኮርኒስ ያሠሩ፤ አቅም ካነሰ የማዳበሪያ ከረጢት ይወጥሩ። ትሪዎቹን ከወለል ያንሡና በየቀኑ ቦታ ያቀያይሯቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች (ደረጃ ማለት ከአንዱ ቆዳ ቅየራ እስከ ሌላው ያለው ዕድሜ ነው) ትሉ ከ26 እስከ 28 ዲግሪና ከ80 እስከ 90 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል፤ በመጨረሻው ከ23 እስከ 25 ዲግሪና 70 በመቶ ግድም ይበቃዋል። ስለዚህ ቤቱን ሁሉ አያሙቁ፤ የትንንሾቹን ሣጥን ብቻ ያሙቁ። መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውኃ የሞላ ጀሪካን ዙሪያውን ይደርድሩ። አብዛኞቹ ጭንቅላታቸውን ቀና አድርገው ሲደነዝዙ ቆዳ ሊቀይሩ ተኝተዋልና ምግብ ያቁሙና ስስ ኖራ ይነስንሱ፤ ከመቶው 95ቱ ሲነቁ ይቀጥሉ።

ከሊደታ፦ ሌሊት ክፍሉን ዘግቼ ከሰል አነዳለሁ። ትሎቹ ደህና ናቸው፤ እኔን ግን ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኛል።

ዛሬውኑ ያቁሙ! ያመመዎ ብርድ አይደለም። የከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ቤት ይገድላል። ራስ ምታቱን «ያልፍልኛል» ብለው አይተዉት፤ ጤና ጣቢያ ሄደው ከሰል እያነደዱ እንደሚያድሩ ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩ። ይህን ምክር እንደ ወግ አይቁጠሩት።

«ክረምት ላይ ትሎቼ ደርቀው ጠመኔ መሰሉ፤ ዝናቡ ነው የገደላቸው?»

ዝናቡ አይደለም፤ ፈንገስ ነው። የሚጠራው ግን እርጥብ ቅጠልና የታፈነ ክፍል ነው። ቅጠሉን ጤዛ ከረገፈ በኋላ ይቁረጡ፤ ዝናብ ካገኘው ውኃው እስኪደርቅ፣ ሳይጠወልግ፣ ጥላ ውስጥ ያንጠልጥሉት። የሞቱትን ለቅመው ያቃጥሉ፤ ነጩ ዱቄት የበሽታው ዘር ነው፤ ከተጣለበት ነፋስ ይመልሰዋል። ስለ መድኃኒት መጠን የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎችን ይጠይቁ።

ከአራት ኪሎ፦ ድሮ በልግ ሲገባ አስፈለፍል ነበር። አሁን ዝናቡ አይታመንም፤ መቼ ልጀምር?

የድሮውን ቀጠሮ ይተዉት። እንቁላል 25 ዲግሪ ላይ ለመፈልፈል ከ10 እስከ 12 ቀን ይፈጃል፤ ትሉ የመጨረሻው ደረጃ የሚደርሰው ከዚያ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው። ከሚበላው ቅጠል ከ80 በመቶ በላይ የሚጨርሰውም በዚሁ ደረጃ ነው። እንግዲህ እንቁላል ሲያስገቡ ማሰብ ያለብዎ ከወር በኋላ ያለውን ቅጠል ነው። በልግ ሲዘገይ እንጆሪው ቅጠል አያጣም፤ ቅጠሉ ግን ውኃ ያንሰዋል፣ ይጠነክራል፤ ትንንሾቹ ጫፉን ልሰው ይተዉታል። ዛፉን የሚያጠጡበት ውኃ ካለዎ ከርክመው አዲሱ ቀንበጥ ሲለመልም እንቁላሉን ያስገቡ። ከሌለዎ ዝናቡ አፈሩን ሳያርስ እንቁላል አይግዙ። ቀኑ ሲግልም ይጠንቀቁ፤ ክፍሉ ከ30 ዲግሪ ካለፈ ኮኩኑ ይቀልላል፣ የቫይረስ በሽታም ይበረታል።

ዝንብ አስቸግሮኛል፤ ፍሊት ብነፋስ?

ትሉም ነፍሳት ነው። ወንፊት መስኮቱ ላይ ይምቱ፤ ጎረቤትም ሊነፋ ሲል አስቀድሞ እንዲነግርዎ ይለምኑት።