ሻጩ «ይደግፋል» ያለውን ከፕሮሰሰሩ ማረጋገጥ

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ ከሚገኝ አንድ ሱቅ ያገለገለ ዴል ላፕቶፕ ገዛሁ። ሻጩ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 መሆኑንና ቨርቹዋላይዜሽን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሶፍትዌር ማስኬድ) እንደሚደግፍ አረጋግጦልኝ ነበር። ይሁን እንጂ ለትምህርቴ በቨርቹዋልቦክስ ሊኑክስ ልጭን ስሞክር የሚቀርቡልኝ ምርጫዎች ባለ 32 ቢት ብቻ ናቸው። ተመልሼ ብጠይቅም የተሰጠኝ መልስ «ዕቃው ደህና ነው፤ አንተ ነህ ያላወቅክበት» የሚል ነው። ተታልዬ ይሆን?
ተማሪ፣ ከማራኪ

መልስ፦ ከገለጹልን ምልክት ስንነሳ ሻጩ የዋሸ አይመስልም፤ ሆኖም «ደህና ነው» ብሎ መሸኘት ማስረጃ አይሆንም።

ኮር አይ5 የቤተሰብ ስም እንጂ የአንድ ፕሮሰሰር መጠሪያ አይደለም። ቁም ነገሩ ያለው ከሰረዙ በኋላ በሚመጣው ቁጥርና ፊደል ላይ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረቡትን አይ5-2500 እና አይ5-2500ኬ ብንወስድ፣ አንድን ዕቃ በቀጥታ ለቨርቹዋል ኮምፒውተር ለመስጠት የሚያገለግለው ቪቲ-ዲ በመጀመሪያው ላይ ሲኖር፣ በውድ ዋጋ ይሸጥ በነበረው ባለ «ኬ» ላይ ግን የለም። ስለዚህ እጅ ማሳረፊያው ላይ የተለጠፈውን ስቲከር ትተው በዊንዶውስ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት የሚለው ገጽ ላይ ሙሉ ስሙን ያንብቡና በኢንቴል ድረ ገጽ ላይ ከሰፈረው ዝርዝር ጋር ያስተያዩት። ዝርዝሩም ቢሆን የመጨረሻው ቃል አይደለም፤ ኢንቴል በ4ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ያስተዋወቀውን ቲኤስኤክስ የተባለ አገልግሎት፣ ስህተት ስለተገኘበት በነሐሴ 2014 እ.ኤ.አ. በማይክሮኮድ (በፕሮሰሰሩ የውስጥ ፕሮግራም) ማሻሻያ እንዲዘጋ ማድረጉ ይታወሳል።

ፕሮሰሰሩ ምን ምን እንደሚችል ለፕሮግራሞች የሚናገርበት ሲፒዩአይዲ የተባለ ትእዛዝ አለው። የእርስዎን ጉዳይ የሚመለከተው ቪቲ-ኤክስ (የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የቨርቹዋላይዜሽን ችሎታ) በዚህ መልስ ውስጥ በአንዲት ቢት ይገለጻል፤ ቢቷ 1 ከሆነች ችሎታው አለ ማለት ነው። ነገር ግን ችሎታው እያለ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው መሠረታዊ ፕሮግራም) ኮምፒውተሩ በሚነሳበት ቅጽበት ሊቆልፈው ይችላል፤ ቁልፉ አንዴ ከተደረገ ደግሞ ዊንዶውስም ሆነ ቨርቹዋልቦክስ እስከሚቀጥለው መነሻ ድረስ ሊከፍቱት አይችሉም። ቨርቹዋልቦክስ ባለ 64 ቢት ምርጫዎችን የሚያቀርበው ቪቲ-ኤክስ ክፍት ሲሆን ነውና፣ በእኛ ግምት የእርስዎ ችግር ይኸው ነው።

ለማረጋገጥ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ፣ ቀጥሎም ሲፒዩ የሚለውን ሲመርጡ ከግራፉ በታች «ቨርቹዋላይዜሽን» የሚል መስመር ያገኛሉ። «ዲስኤብልድ» ካለ ፕሮሰሰሩ ይችላል፣ ባዮሱ ግን ዘግቶታል። ላፕቶፑን አጥፍተው ሲያበሩ ኤፍ2ን ደጋግመው ይጫኑ፤ «ቨርቹዋላይዜሽን ሰፖርት» በሚለው ክፍል ሥር ምልክት ካደረጉ በኋላ አስቀምጠው ይውጡ። ከዚያ ሪስታርት ብቻ ከማድረግ ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ማብራት ይሻላል፤ ለውጡን የሚቀበሉት እንደዚያ ሲደረግ ብቻ የሆኑ ማሽኖች አሉና።

መስመሩ «ኢኔብልድ» እያለ ቨርቹዋልቦክስ አሁንም እምቢ ካለ፣ ቪቲ-ኤክስን ቀድሞ የያዘው ሃይፐር-ቪ የተባለው የዊንዶውሱ የራሱ የቨርቹዋላይዜሽን ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ኮርኢንፎ የተባለው የማይክሮሶፍት መመርመሪያ ያለውን ችሎታ በኮከብ፣ የሌለውን በሰረዝ የሚያመለክት ሲሆን፣ ሃይፐር-ቪ እየሠራ ሳለ ከተጠየቀ ግን በደህናው ፕሮሰሰር ፊት ሰረዝ ሊያሳይ ይችላል። በመሆኑም አስቀድመው «ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ» ከሚለው መስኮት ሃይፐር-ቪንና ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርምን ያጥፉ፤ በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ኮር አይሶሌሽን ሥር ያለው ሜሞሪ ኢንተግሪቲም ያው ሃይፐር-ቪን ስለሚጠቀም አብረው ይመልከቱት።

በታስክ ማናጀሩ መስመር ላይ «ኖት ኬፐብል» (አይችልም) የሚል ካገኙ ግን ሃይፐር-ቪ አለመከፈቱን አጣርተው፣ ያንን መስመርና የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም በስልክዎ ፎቶ አንስተው ወደ ሱቁ ይመለሱ። ያኔ «አላወቅክበትም» የሚያሰኝ ነገር አይኖርም።