የበረራ ርቀትና የጉዞ ሰዓት፦ ጠይቁኝ

ብዙ ዓመት የበረራ ዕቅድ በማውጣት ሥራ ቆይቻለሁ። ከጥያቄዎቻችሁ የሚደጋገሙትን አንድ ላይ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ርቀቱን ካርታ ላይ በማስመሪያ ስለካው ከተጻፈው ይበልጣል። የቱ ነው ልክ?

የተጻፈው። ድቡልቡሏን ምድር ወረቀት ላይ ሲዘረጓት ወደ ዋልታዎቹ ያለው ክፍል ይለጠጣል። ክር ውሰድና ሉል ላይ ማድሪድንና ኒውዮርክን አገናኝ። ሁለቱም 40 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ስለሆኑ መንገዱ ቀጥ ብሎ ወደ ምዕራብ ይመስልሃል። ክሩን ወጠር ስታደርገው ግን ወደ ሰሜን ሸሽቶ መሀል ላይ 46 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። አጭሩ መንገድ ያ ነው፤ ወደ 5,770 ኪሎ ሜትር። 40 ዲግሪዋን ይዘህ ብትሄድ 170 ያህል ኪሎ ሜትር ይጨምርብሃል።

ጥያቄ፦ የመልሱ በረራ ከመሄጃው የሚያጥረው ምድር ስለምትዞር ነው?

ይቺ ጥያቄ ሳትመጣ የዋለችበት ቀን የለም! አየሩም ከምድር ጋር አብሮ ስለሚዞር አውሮፕላኑ በዚያ የሚያተርፈው ነገር የለም። ለውጡን የሚያመጣው ነፋሱ ነው። 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ በቀዝቃዛው ወራት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። (ወደ ምሥራቅ በማጠፉ የምድር መዞር እጁ አለበት፤ ያን ያህል እንኳ ልክ ናችሁ።)

እስቲ እናስላው። ከለንደን ኒውዮርክ 5,550 ኪሎ ሜትር ነው እንበል፤ አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በ900 ይበራል፤ ነፋሱ 150 ነው። ነፋሱ ከፊት ሲመጣ ፍጥነቱ 750 ይሆንና 7 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይፈጃል። ከኋላ ሲገፋው ግን 1,050 ስለሚሆን 5 ሰዓት ከ17 ይበቃዋል። በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. አንድ ቦይንግ 747 ከኒውዮርክ ለንደን ከ5 ሰዓት በታች ገብቷል። ያኔ «ድምፅን ቀደመ» ያሉም ነበሩ። አልቀደመም፤ የሮጠው አየሩ ራሱ ነው፣ አውሮፕላኑ በውስጡ እንደወትሮው ነው የበረረው።

ጥያቄ፦ ትኬቴ 3 ሰዓት ይላል፣ አብራሪው 2 ሰዓት ከ20 አለን።

ሁለቱም እውነት ነው። የትኬቱ ከበር ተነስቶ በር ላይ እስኪቆም ነው፤ ማኮብኮቢያው ላይ ተራ መጠበቅም አለበት። አየር መንገዶች «ዘገየ» እንዳይባሉ ትንሽ ደቂቃ ጣል ያደርጉበታል፤ ቀድማችሁ ደረሳችሁ ሲሏችሁ ብዙ አትደነቁ።

ጥያቄ፦ በግምት እንዴት ላስላ?

ኪሎ ሜትሩን ለ850 አካፍይና ግማሽ ሰዓት ጨምሪ። 1,700 ኪሎ ሜትር ከሆነ 2 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ለአጭር በረራ አይሠራም፤ አውሮፕላኑ ሙሉ ፍጥነቱን ሳይይዝ መውረድ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ከተነሳሁበት ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ፤ ይህ እንዴት ይሆናል?

የሁለቱንም ከተማ ሰዓት ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) መልሰው ይቀንሱ። በጥር የቶኪዮ ሰዓት የሎስ አንጀለስን በ17 ሰዓት ስለሚቀድም፣ ከቶኪዮ 17፡00 ተነስተው 10 ሰዓት ቢበሩ ሎስ አንጀለስ የሚደርሱት በዚያው ቀን ረፋድ 10፡00 ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ርቀቱ ሳይለወጥ ሰዓቱ ለምን ጨመረ?

የአየር ክልል ሲዘጋ ነው። ሄልሲንኪና ቶኪዮ ድሮም ዛሬም 7,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። ሩሲያ ሰማይዋን በ2022 እ.ኤ.አ. ከዘጋች ወዲህ ግን 9 ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረው በረራ እየዞረ 13 ሰዓት ያህል ደርሷል።

ጥያቄ፦ መሀል ላይ ሳያርፍ የሚበረው ረጅሙ በረራስ?

ከሲንጋፖር ኒውዮርክ፤ 15,300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከ18 ሰዓት በላይ። የመተላለፊያውን ወንበር ያዝ።