የኮፐርኒከስ ሐሳብ ተቀባይነት ለማግኘት ለምን ዘገየ?

ጥያቄ፦ ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር የሚገልጸው የኮፐርኒከስ መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1543 ነው። ጣሊያናዊው ሊቅ ጋሊሊዮ ግን ይህንኑ ሐሳብ በመደገፉ ከዘጠና ዓመት በኋላ፣ በ1633፣ ሮም ላይ ተፈረደበት። ያን ሁሉ ዘመን የተማሩት ሰዎች ሐሳቡን ሳይቀበሉ የቆዩት ቤተ ክርስቲያንን በመፍራት ብቻ ነው?

መልስ፦ ፍርሃቱ እንደነበረ አይካድም። የኮፐርኒከስ መጽሐፍ እስኪታረም ድረስ ተብሎ በ1616 ታግዷል፤ ጋሊሊዮም ከተፈረደበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ በቁም እስር ቆይቷል። ይሁን እንጂ የተቃወሙትን ሁሉ ፈሪዎች ወይም ግትሮች አድርጎ መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ብዙዎቹ በጊዜው በቀላሉ የማይመለስ ክርክር ነበራቸውና።

ከአርስቶትልና ከእስክንድርያው በጥሊሞስ የወረሱት ትምህርት ምድር በመካከል ጸንታ እንደቆመች፣ ከጨረቃ በታች ያለው ሁሉ ሲለወጥና ሲበሰብስ ከጨረቃ በላይ ያለው ሰማይ ግን ለውጥ እንደማያውቅ የሚያስረዳ ነበር። ይህም ዓይን ከሚያየው ጋር ይስማማል። ደግሞስ ምድር የምትጓዝ ቢሆን ኖሮ፣ በስድስት ወር ልዩነት ከሁለት ተራራቂ ቦታዎች ስለምናያቸው፣ ከዋክብቱ በመጠኑ የተዛወሩ መስለው መታየት ነበረባቸው። ሰማይን በባዶ ዓይን በመለካት በዘመኑ አቻ ያልነበረው ዴንማርካዊው ቲኮ ብራሄ ይህን ለውጥ ፈልጎ አጣው፤ ምድር አትንቀሳቀስም ብሎም ጸና።

የሚገርመው ግን የጥንቱን ሰማይ ከሸረሸሩት ቀዳሚዎች አንዱ ራሱ ቲኮ መሆኑ ነው። በ1572 ድንገት የበራው አዲስ ኮከብም ሆነ በ1577 የታየው ጅራታም ኮከብ ከጨረቃ በላይ መሆናቸውን በልኬት አሳየ፤ አይለወጥም የተባለው ሰማይ ተለወጠ ማለት ነው። ልኬቶቹን የወረሰው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኬፕለር ደግሞ ማርስን በክብ መንገድ ላይ አድርጎ ቢያሰላ፣ ስሌቱ ከቲኮ ልኬት የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሩብ ያህል ራቀበት። ሌላ ሰው በዝምታ ሊያልፈው ይችል የነበረውን ይህን ልዩነት እርሱ አላለፈውም፤ ቲኮ ይህን ያህል አይሳሳትም ብሎ ክቡን ተወና በ1609 የማርስ ምህዋር ሞላላ መሆኑን አሳተመ።

ጋሊሊዮ በጣሊያኗ ከተማ ፓዱዋ ሳለ ጃንዋሪ 7 ቀን 1610 ምሽት ቴሌስኮፑን ወደ ጁፒተር ሲያነጣጥር ሦስት ትናንሽ ከዋክብት አየ፤ ሁለቱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ ተሰልፈዋል። በማግሥቱ ሦስቱም በምዕራብ ሆነው ጠበቁት። ከቀናት በኋላ አራተኛ ሲጨመር በጁፒተር ዙሪያ የሚዞሩ ጨረቃዎች መሆናቸው ግልጽ ሆነለት። ምድር ብትንቀሳቀስ ጨረቃዋን ጥላ ትሄድ ነበር ይሉ ለነበሩት ይህ ከባድ መልስ ነበር፤ ጁፒተር እየተጓዘ ከጨረቃዎቹ አልተለየምና። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቬነስ እንደ ጨረቃ አንዴ ሙሉ፣ አንዴ ማጭድ መስላ እንደምትታይ አስተዋለ፤ ይህም በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር ስለሚያሳይ የበጥሊሞስን ሥርዓት አፈረሰው። ግን ልብ ይበሉ፦ ፕላኔቶቹ በፀሐይ፣ ፀሐይ ደግሞ በምድር ዙሪያ ይዞራሉ የሚለውን የቲኮን ሥርዓት አላፈረሰውም። ጋሊሊዮ ለምድር መንቀሳቀስ እንደ ዋና ማስረጃ ያቀረበው የባሕር ማዕበል መነሣትና መውረድ ክርክርም ስሕተት ነበር።

ጉዳዩን ለብዙዎች የቋጨው ኒውተን ነው፤ በ1687 ባሳተመው ሥራው ድንጋይን ወደ መሬት የሚስበውና ጨረቃን በምህዋሯ የሚይዛት ኃይል አንድ መሆኑን በስሌት አሳየ። ቲኮ ፈልጎ ያጣውን የከዋክብት መዛወር ጀርመናዊው ቤሰል ለክቶ ያስታወቀው በ1838 ሲሆን፣ መጠኑም የአንድ ዲግሪ አሥር ሺኛ ያህል ስለሆነ በባዶ ዓይን ሊታይ የሚችል አልነበረም። የኮፐርኒከስና የጋሊሊዮ መጻሕፍት ከሮም የተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር የወጡት ከዚያ ሦስት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ ነው።