ቶም ኮሊንስ በብርቱካን አልሆን ላለሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። «ቶም ኮሊንስ ስሠራ በሎሚው ፋንታ ብርቱካን ጨመቅሁበት፤ ጂን የገባበት የልጆች ጭማቂ ሆነብኝ፤ ምን ጎደለው?» ነው ያልሽው። የጎደለው ሎሚው ነው። እኔም በዚሁ ተሸውጃለሁ።

ቶም ኮሊንስ ማለት ጂን፣ ሎሚ፣ ስኳርና ሶዳ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1876 አሜሪካ በታተመ የባርማን መጽሐፍ ውስጥ ሳይቀር አለ። የሎሚ ጭማቂ ከመቶ 6 እጅ ያህሉ አሲድ ነው። የጣፋጭ ብርቱካን አሲድ ግን ብዙውን ጊዜ 1 እጅ እንኳ አይሞላም። ሎሚውን አውጥተሽ ብርቱካን ስታስገቢ ስኳር ላይ ስኳር ጨመርሽ ማለት ነው። ስለዚህ ሎሚው ይቆይ። ከብርቱካኑ የምትፈልጊው ሽታውን ነው፤ ሽታው ያለው ደግሞ ልጣጩ ላይ ነው።

እኔ ከቅዳሜ ገበያ ሁለት ብርቱካን እገዛለሁ። ቆዳው አረንጓዴ ቢሆን አትጨነቂ፤ እንደ ባሕር ዳር ሞቅ ባለ አገር ብርቱካን በስሎም አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። በደንብ አጥቤ የላይኛውን ቆዳ ብቻ በድንች መላጫ በስሱ እልጠዋለሁ። ነጩ አብሮ ከመጣ ይመራል። ልጣጩን አንድ የቡና ስኒ ስኳር ውስጥ እጨምርና በማንኪያ ጀርባ ደህና አድርጌ አሸዋለሁ። ከድኜ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ስኳሩ እርጥብ አሸዋ መስሎ ይጠብቅሻል፤ ክዳኑን ስታነሺው ቤቱን ያውደዋል። አንድ ስኒ ሙቅ ውሃ ጨምሬ እስኪሟሟ አማስልና አጠልለዋለሁ። ይኼ ሽሮፕ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ይቆያል፤ እኛ ቤት ግን ቆይቶ አያውቅም።

ሎሚው የዘጌ ቢሆን ደስ ይለኛል። እዚያ ከቡናውና ከጌሾው ጋር ሎሚም ይበቅላል። የፈረንጆቹ አሠራር ትልቁን ቢጫ ሎሚ ነው የሚያዘው፤ የኛዋ ትንሿ ሎሚ ጠንከር ያለ ሽታ አላት፣ እኔ እሷን እመርጣለሁ። ከመቁረጥሽ በፊት ጠረጴዛ ላይ በመዳፍሽ ተጭነሽ አንከባልያት፤ ጭማቂዋን ሳትሰስት ትሰጥሻለች።

ልኩ ለአንድ ሰው ጂን 60 ሚሊ ሊትር፣ ሎሚ 30፣ ሽሮፕ 20 ነው። መለኪያ ከሌለሽ ከልጆች የሳል መድኃኒት ጋር የምትመጣው ትንሿ ፕላስቲክ ትበቃለች፤ ቁጥሩ ተጽፎባታል። ሦስቱን ክዳን ያለው የማር ብርጭቆ ውስጥ ከበረዶ ጋር አድርገሽ እጅሽን እስኪቀዘቅዘው ድረስ ናጪው። ከዚያ አዲስ በረዶ ወዳለበት ረጅም ብርጭቆ አጥልይና በላዩ ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ ጨምሪ።

አደራ፣ አምቦውን አብረሽ እንዳትንጪ! የመጀመሪያ ቀን እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ክዳኑ ተስፈንጥሮ ግማሹ የአክስቴ ነጠላ ላይ አረፈ። አረቄ የማይወዱት አክስቴ ቀኑን ሙሉ ጂን ጂን ሲሸቱ ዋሉ። እስካሁን ያነሱብኛል።

ስለ አምቦ ሌላም ነገር አለ። ባይካርቦኔት የሚባለው ማዕድን ስላለው የሎሚውን ኮምጣጣነት ትንሽ ያለዝበዋል። በተራ ሶዳ ልክ የሆነው በአምቦ ለስለስ ይልብሻል። ቀምሰሽ ካነሰሽ ግማሽ ማንኪያ ሎሚ ጠብ አድርጊበት፤ ሽሮፑን ግን እንዳትነኪ። አምቦውም ከፍሪጅ የወጣ ይሁን፤ የሞቀ ከሆነ ጋዙ ገና ስትቀጂው ያልቃል።

በመጨረሻ ከብርቱካኑ ጣት የምታህል ልጣጭ አስቀሪ። ውጪውን ወደ ብርጭቆው አዙረሽ ቆልመም ስታደርጊያት ስስ ጉም የመሰለ ዘይት መጠጡ ላይ ይረጫል። የብርጭቆውን አፍ አሽተሽባት ውስጥ ጣያት። ትሪንጎ ካገኘሽ ደግሞ በብርቱካኑ ፋንታ የሱን ልጣጭ ሞክሪ። በረዶውን ግን ማታውኑ አዘጋጂ፤ እንግዶችሽ በር ላይ ቆመው መብራት ሊጠፋ ይችላል።